ይድረስ ለክቡር የሲ ኤክስቴንሽን ግንባታ ስህተት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በከፊል በሲ ቋንቋ የተጻፈች አንዲት የፓይተን ፓኬጅ ለመጫን የአንድ መስመር ትዕዛዝ በሰጠን ቁጥር፣ ሳንጠራዎ ከተፍ ብለው ተርሚናሉን ከላይ እስከ ታች ስለሚያጥለቀልቁልን፣ ምስጋናችንን በጽሑፍ ማቅረቡ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በተለይ የሚያስደንቀን ምስጢር ጠባቂነትዎ ነው። የጎደለው ነገር «ፓይተን ነጥብ ኤች» (Python.h) የሚባል፣ የሲ ኮድ ሲገነባ የሚነበብ አንድ ሄደር ፋይል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ይህን የምትናገረውን ብቸኛ መስመር «ይህን ፋይል ገለበጥሁ፣ ያንን ፎልደር ፈጠርሁ» ከሚል የማያልቅ ዝርዝር ሥር ይቀብሯትና፣ «ጂሲሲ (የሲ ኮምፓይለሩ ማለት ነው) በኮድ 1 ወድቋል» ብለው ይሰናበቱናል። መውደቁንማ አይተናል። ጫኚው ፕሮግራም ደግሞ ከኋላዎ ተከትሎ፣ ስህተቱ የመጣው ከሌላ ፕሮሰስ እንደሆነና እሱን ሊመለከተው እንደማይችል በጨዋ ቋንቋ ያሳውቀናል።

መድኃኒቱ በዴቢያንና በኡቡንቱ ሊኑክስ «ፓይተን3-ዴቭ» የተባለውን ፓኬጅ መጫን ነው፤ በፌዶራ ያው ፓኬጅ «ዴቬል» በሚል ቅጥያ ይጠራል። እርስዎ ግን ይህን ስም አንድ ቀን እንኳ በአፍዎ አልጠሩትም። በዊንዶውስ ላይ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ 14.0 ወይም ከዚያ በላይ እንደሚያስፈልግ በግልጽ መናገርዎን አንክድም (ለካ ሲፈልጉ ይችላሉ!)፤ ሆኖም አንዲት ፓኬጅ የፈለገ ሰው ጊጋባይቶችን የሚበላ የኮምፓይለር ስብስብ ሲያወርድ ይውላል።

አስቀድሞ ተገንብቶ የሚመጣው፣ «ዊል» የተባለው የፓኬጅ ዓይነት ሥራ ያስፈታዎታል ብለን ሰግተን ነበር። ስጋታችን ከንቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው «ሜኒሊኑክስ» የተባለው የሊኑክስ ዊል ደረጃ የተመሠረተው ጂሊብሲ በተባለው የሲ ላይብረሪ ላይ በመሆኑ፣ ሙስል የተባለውን ሌላ የሲ ላይብረሪ በሚጠቀመው አልፓይን ሊኑክስ ላይ ወንበርዎ ሳይነካ ቆየ፤ ለሙስል የተዘጋጀው «ሙስልሊኑክስ» እ.ኤ.አ. በ2021 ከመጣ በኋላም ቢሆን ዊሉን ያላዘጋጀ የፓኬጅ ባለቤት አይጠፋም። በዚያ ላይ በየዓመቱ በኦክቶበር አዲስ የፓይተን ቅጂ ሲወጣ፣ ለቋሚው ኤቢአይ (ከቅጂ ቅጂ ለማይለወጠው የፓይተንና የሲ ኮድ መገናኛ) ያልተገነቡ ፓኬጆች ሁሉ አዲስ ዊል እስኪወጣላቸው ድረስ እርስዎ እንደ ልብዎ ይፈነጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ፓይተን 3.12 ዲስትዩቲልስ የተባለውን የፓኬጅ መገንቢያ ከመደበኛው ላይብረሪ ያስወጣ ጊዜማ፣ ለዓመታት ያልተነኩ የግንባታ ስክሪፕቶች በአንድ ላይ ሲንኮታኮቱ ያሳዩት ትጋት የሚዘነጋ አይደለም።

ልመናችን አንድ ነው፤ የጎደለውን ፋይል ስም እባክዎ በመጨረሻው መስመር ላይ ይጻፉልን።

ከሰላምታ ጋር
ተርሚናሉን ወደ ላይ በማንሸራተት ላይ የሚገኙ ተጠቃሚዎች

ግልባጭ፦
ለጫኚው ፕሮግራም (ባይመለከተውም)