ማረሻውን ማን ቀጠቀጠው?

ወገኖቼ፣ ስለ ድህነታችን በተነሳ ቁጥር ጥፋተኛ ፍለጋ ከደጃፍ ውጭ መሮጣችንን ብንተው ደግ ነበር። ቅኝ ገዢ ነው ያደኸየን እንዳንል በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ መልሰነዋል። በዓላት አሰነፉን የሚሉም አሉ። እኔን ግን ያረፍንበት ቀን አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ ስለሠራ ሰው የምናወራው ነው።

የሰሜኑን ገበሬ አስቡት። ማረሻው ሲደንዝ ከመንደሩ ጥግ ወደሚኖረው ቀጥቃጭ ይወርዳል። ወናፉ እስኪነፋ፣ ብረቱ እስኪግል ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ የተሳለውን ተቀብሎ እህሉን ሰፍሮ ይመለሳል። ከቤቱ ገብቶ አይበላም፤ ልጁንም አይድርለትም። ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ደግሞ ያው ሰውዬ ሌሊት ጅብ እንደሚሆን ለልጆቹ ይተርካል። በቡዳው ማረሻ የታረሰውን ጤፍ ግን አንድም ቀን ተጸይፈነው አናውቅም።

ይህ ንቀት ከሰማይ አልወረደም፤ ሥሩ መሬት ነው። ርስት ከእምነት ጋር የታሰረ ነበር። ቤተ እስራኤል በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ካልተጠመቁ ርስት እንዳይወርሱ ተከለከሉ ይባላል። መሬት የሌለው ሰው ምን ይሥራ? ብረትና ሸክላ ያዘ። በደጋው ያለው ሙስሊምም ርስት ሲነፈገው ወደ ንግዱና ወደ ሽመናው ዞረ። እኛም «ሰማይ አምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» ብለን ተረትንበት። ዛሬ ደግሞ ገበያው ሲቀናቸው አይተን «ንግድ በደማቸው ነው» እንላለን። በደማቸው ሳይሆን በእኛ ክልከላ ነው የገቡበት።

ሃይማኖት አስገደደን እንዳትሉኝ። ወንጌሉ ላይ «ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን?» ብለው ማንን እንደናቁ ታውቃላችሁ። ቁርኣኑም ለነቢዩ ዳውድ ብረት እንደለዘበለት ይናገራል። መጻሕፍቱ ያከበሩትን እጅ ያረከስነው እኛ ነን።

ዋጋውን ከፍለናል። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሲያምራቸው ጋፋት ላይ ያሠሩት የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ነበር። ሴባስቶፖልን ሕዝቡ እየጎተተ መቅደላ አደረሰው፤ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአገሩ ቀጥቃጭ ያን ሁሉ ዘመን ከእሳት ጋር ኖሯል፤ ጥበቡን ለማሳደግ ግን መሬትም ማዕረግም የሰጠው አልነበረም። ምኒልክ ይህ ገብቷቸዋል። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መስደብን ከለከሉ። ነጋሪቱ ተጎሰመ፤ እኛም ሰማንና ስድባችንን ቀጠልን። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱን ነካ እንጂ ማዕዱን አልነካም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ 14 ሺህ ያህል ቤተ እስራኤላውያን በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወጡ። ከእነሱ በፊት የሄዱም ብዙ ነበሩ። የጎንደር ዙሪያ ገበሬ ከዚያ ወዲያ የደነዘ ማረሻውን ይዞ ወዴት እንደዞረ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ያለፈ ታሪክ ነው የምትሉ ካላችሁ ጥምቀት ላይ የለበሳችሁትን ነጠላ እዩ። ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ የሸመነውን ሰው በምን ስም ነው የምትጠሩት? ልጃችሁ ቴክኒክና ሙያ ሲገባ ለጎረቤት የምትናገሩት ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አይደለም?

ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ ነበር። ልጁ ብየዳ ቤት ከፍቷል፣ ሦስት ሠራተኛ ያስተዳድራል። ነገሩ ሁሉ አምሮ ሳለ የልጅቷ አጎት «ለመሆኑ ዘራቸው ከወዴት ነው?» አሉ። አያትየው ቀጥቃጭ እንደነበሩ ሲነገር ቤቱ ጭጭ አለ፤ የሲኒው መንቀጭቀጭ ብቻ ይሰማል። «እስቲ እንመካከርበት» ተባልን። ትርጉሙ ለማንም አይጠፋውም። እኔም፣ ይኸው ልናዘዝ፣ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

አጎትየው እስከ ደጅ ሸኙን። በሩ አዲስ የብረት በር ነው፤ አበባ አበባ ተደርጎ ተበይዷል። አንዱ ሽማግሌ በእጁ እየዳበሰ «እንዴት ያምራል!» አለ። አጎትየውም ደስ ብሏቸው ስንት እንዳወጡበት ነገሩን። ማን እንደሠራው የጠየቀ የለም።