ቢቢሲ አድማጩን በሦስት መክፈሉ ልክ ነበር?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብሪታንያው ቢቢሲ የአገሩን የሬዲዮ ሥርጭት ለሦስት ጣቢያዎች አከፋፈለው። ሆም ሰርቪስ ዜናውን፣ ንግግሩንና የትምህርት ቤት ፕሮግራሙን ይዞ ቀጠለ። ላይት ፕሮግራም በጁላይ 1945 ለመዝናኛ ተከፈተ። ሦስተኛው ፕሮግራም ደግሞ በሴፕቴምበር 1946 ለከባድ ሙዚቃ፣ ለቲያትርና ለሐሳብ ሰዎች ተጀመረ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ውሳኔው ልክ ነበር ወይ በሚለው ላይ ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተከራክረዋል።

ደጋፊ፦ ልክ ነበር። እስቲ ከጦርነቱ በፊት የነበረውን የቢቢሲ እሑድ እናስታውስ። በመጀመሪያው የቢቢሲ ኃላፊ በጆን ሪት ዘመን እሑድ ማለት ስብከትና ኮስታራ ንግግር ነበር። ሕዝቡ ታዲያ ምን አደረገ? ቁልፉን አዙሮ ከውጭ አገር የሚሠራጨው የንግድ ጣቢያ ሬዲዮ ሉክሰምበርግ ገባ። ዘፈኑን ከነማስታወቂያው ሰማ። በ1940 ለወታደሮች ተብሎ ቀለል ያለ ጣቢያ ሲከፈት ደግሞ ወታደር ያልሆነውም ተግተልትሎ ሄደ። አድማጩን የከፈለው ቢቢሲ አይደለም። አድማጩ ቀድሞ ተከፍሎ ነበር።

ደግሞ ሦስተኛው ፕሮግራም ያመጣውን ነፃነት እዩት። በየሰዓቱ የሚያቋርጥ ዜና የለም። ኦፔራው ሦስት ሰዓት ከፈጀ ሦስት ሰዓት ይሰማል። በጃንዋሪ 1954 የዌልሱ ገጣሚ የዲላን ቶማስ የድምፅ ድራማ በተዋናዩ ሪቻርድ በርተን ተራኪነት የተላለፈው በዚህ ጣቢያ ነው። ደራሲው ከሞተ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። አንዲት የዌልስ የባሕር ዳር ከተማ ተኝታለች፣ እኛ የሰዎቿን ሕልም እንሰማለን። እንዲህ ያለውን ሥራ በዜናና በቀልድ መሀል ሸንሽኖ ማስገባት ግፍ ነው።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ የሪትን እሑድ እኔም አልናፍቅም። የምቆጨው ለተቀላቀለው ቀን ነው። በጦርነቱ ጊዜ በሆም ሰርቪስ ያለውን አንድ ቀን ያስቡት። ጠዋት ዜና፣ ከዚያ ጸሎት፣ ከዚያ ለተማሪዎች ትምህርት። ማምሻውን የልጆች ሰዓት። ማታ የለንደኑ ትልቅ ሰዓት የቢግ ቤን ደወልና ዜና። በመሀሉ ቀልድም ኦርኬስትራም አለ። የኮሜዲያኑን የቶሚ ሃንድሊን ቀልድ ሊሰማ የተቀመጠ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ሬዲዮውን ሳያጠፋ ቤትሆቨን ይደርስበታል። ላይወደው ይችላል። ግን ሰምቶታል።

የጊዜው ዋና ዳይሬክተር ዊሊያም ሄሊ ሕዝቡን በፒራሚድ ነበር የሚያስበው። ሰው ከላይት ይጀምራል፣ ወደ ሆም ያድጋል፣ በመጨረሻ ሦስተኛው ላይ ይደርሳል ብሎ። ማን ደረሰ? የሦስተኛው አድማጭ ከጠቅላላው ሕዝብ እጅግ ጥቂቱ ሆኖ ቀረ። ለየፎቁ የራሱን በር አበጅተው ደረጃውን ካነሱት በኋላ ሰው ለምን አልወጣም አይባልም።

ደጋፊ፦ ላይት ፕሮግራምን ባዶ አደረጉት፣ ወንድሜ። ለመሆኑ አድማጭን ማወቅ ነውር ነው እንዴ? በ1940 ተጀምሮ ኋላ ወደ ላይት የተሻገረውን የፋብሪካ ሙዚቃ ይውሰዱ። ለሠራተኛ ጆሮ የተለካ ነበር። የሚያፈዝ ቀርፋፋ ዜማ አይገባም። አንድ የአሜሪካ ዘፈን ደግሞ መሀሉ ላይ ጭብጨባ ስላለው ከፕሮግራሙ ታገደ፤ ሠራተኛው እጁን ከማጨብጨብ ይልቅ የያዘውን መፍቻ ማሽኑ ላይ ይደበድብ ነበርና። ይህን ያህል ለአድማጩ የተጠነቀቀ ጣቢያ ሕዝቡን ናቀ አይባልም።

የሴቶች ሰዓትም በኦክቶበር 1946 የተጀመረው በላይት ላይ ነው። ሰዓቱ የምሳ ዕቃ ታጥቦ እናት አረፍ የምትልበት ነው። የመጀመሪያው አቅራቢ ወንድ ነበር፤ ይህ አሁንም ያናድደኛል። ግን ፕሮግራሙ ቶሎ አደገ። በዚያ ዘመን በአደባባይ የማይነሳውን የማረጥን ጉዳይ ሳይቀር በሬዲዮ አወራ።

አርቸርስ የተባለውን የገበሬ ቤተሰብ ድራማም አይርሱት። በ1948 በርሚንግሃም ላይ ቢቢሲ ገበሬዎችን ሰብስቦ ነበር። አንድ ገበሬ ተነስቶ የሚያስፈልገን የእርሻ ዲክ ባርተን ነው አለ። ዲክ ባርተን ያኔ ልጅ አዋቂውን በየምሽቱ ሬዲዮ ሥር የሚሰበስብ የጀብዱ ድራማ ነበር። ምግብ ገና በራሽን ነው፤ መንግሥት ገበሬው ብዙ እንዲያመርት ይፈልጋል። የአርቸር ቤተሰብ ታሪክ ከጃንዋሪ 1951 ጀምሮ በላይት ላይ ለመላው አገር ተሰማ። ያው በ1951 የዲክ ባርተንን ሰዓት ወረሰ። የእርሻ ምክር በድራማ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ተቃዋሚ፦ ታዲያ ይኼ የእኔ ክርክር አይደለም እንዴ? አርቸርስ የተሳካው እርሻንና ድራማን ስለቀላቀለ ነው። የከተማ ሰው ስለ ላም በሽታ የሰማው ስለ ላም ሊማር ፈልጎ አይደለም። እኔም የምለው ይህንን ነው፤ ቤትሆቨንም እንደዚሁ ይምጣ።

የገንዘቡንም ነገር እናንሳ። በ1946 ሬዲዮ ያለው ቤት በየዓመቱ የሚከፍለው የፈቃድ ክፍያ ከ10 ሺሊንግ (ግማሽ ፓውንድ) ወደ 1 ፓውንድ አደገ። ሁሉም እኩል ከፈለ። ሦስተኛው ፕሮግራም ግን በብዙ ቦታ በቅጡ አይሰማም ነበር። በፌብሩዋሪ 1947፣ በዚያ ክፉ ብርድ የድንጋይ ከሰል ሲያጥር፣ ሆምና ላይት ሲቀጥሉ ሦስተኛው ለጊዜው ተዘጋ። በ1957 ደግሞ ሰዓቱ ተቀነሰ። ያኔ ጠበቃ ሆነው የተነሱለትን ተመልከቱ፦ ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት፣ የሙዚቃ ደራሲው ቮን ዊሊያምስ። ታላላቅ ሰዎች ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን አንድ ፓውንዱን የከፈለው የዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ጥራት ያለው ነገር የሚደርሰው በየት በኩል ነው?

ደጋፊ፦ የማይሰማ ጣቢያ መፍትሔው ጣቢያውን መዝጋት ሳይሆን ማሠራጫ መትከል ነው። ተተከለም። በሜይ 1955 ኬንት ውስጥ ሮተም ላይ የኤፍ ኤም ሥርጭት ሲጀመር ሦስቱም ጣቢያዎች ጥርት ብለው መሰማት ጀመሩ።

ተቃዋሚ፦ በአሮጌው ሬዲዮ ግን አይገባም። ፈቃዱን የከፈለ ሰው ሌላ ሬዲዮ ይግዛ ነው የሚሉኝ?

ደጋፊ፦ የፈለገ ይገዛል። በ1953 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ስትጭን ለማየት ስንቱ ከሬዲዮ በብዙ እጥፍ የሚወደድ ቴሌቪዥን ገዛ! ከዚያ ወዲህ ምሽቱ የቴሌቪዥን ሆነ። እርስዎ የሚናፍቁት የተቀላቀለ ቀን ያን ሰው ሳሎኑ ውስጥ ይዞ አያቆየውም ነበር። ሬዲዮ ማታ ላይ የቀረው አቅም ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ማቅረብ ነው፤ ያንን ለዓመታት ሲሠራ የቆየው ሦስተኛው ነው።