«እኔም እሱኑ»

ማክሰኞ ዕለት ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ በምትገኝ አንዲት ምግብ ቤት ውስጥ አምስት የመሥሪያ ቤት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከብበን ተቀምጠን ሳለ፣ አስተናጋጇ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» አለች። እኔ የቢሮውን ደረጃ ስወርድ ጀምሮ ልቤ ያረፈው ተጋቢኖ ሽሮ ላይ ነበር፤ ድስቱ እየተንተከተከ፣ ስንግ ቃሪያው ከጎኑ ተጋድሞ ሲቀርብ ጭምር ታይቶኝ ነበር። አለቃችን «ለእኔ ደረቅ ጥብስ» አሉ። ቀጥሎ የተቀመጠው «ለእኔም» አለ፤ ሦስተኛዋ «እኔም እሱኑ» አለች፤ አራተኛው ቃል ማውጣትም ሳያስፈልገው በአገጩ ወደ አለቃችን ጠቆመ። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ «እኔም እሱኑ ይሁንልኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ማን እንደተናገረ ለማየት ዘወር ብል፣ ከእኔ በቀር ያላዘዘ ሰው አልቀረም።

«ምን ልታዘዝ?» የሚለው የአስተናጋጆቻችን ትሕትና ሁልጊዜ ይገርመኛል። አባባሉ አዛዡ ደንበኛው፣ ታዛዧ እርሷ እንደሆነች ያስመስላል። በዚያ ጠረጴዛ ግን ያዘዘው አንድ ሰው ነበር፤ አራታችን ከአስተናጋጇ ጋር ሆነን ታዘናል። እርሷ ለመታዘዟ ደመወዝ ሲከፈላት፣ እኛ በገዛ ኪሳችን ከፍለን፣ ጨጓራ ላለበት ሰው የማይመከረውን ደረቅ ሥጋ እያላመጥን «ጣፋጭ ነው፣ አይደል?» ተባባልን። ጣፋጭ አልነበረም።

ከምሳሌያዊ አነጋገሮቻችን ሁሉ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ያህል የምወደው የለም፤ መዓዛው እንኳ ደስ ይላል። የእድር ዳኞችና የኮሚቴ ሰብሳቢዎችም ስለሚወዱት ሳይጠቅሱት ስብሰባ አይከፍቱም። እስቲ ግን እነዚያ ሃምሳ ሰዎች አንዳንድ ሎሚ በእጃቸው ይዘው ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ሲወጡ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቷቸው። አንዷ ሎሚ የማትከብድ በመሆኗ ማናቸውም ቆም ብለው ወዴት እንደሚሄዱ አይጠይቁም፤ ፊተኛው ከሄደ የኋለኛው ይከተላል። ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን የተሸከመ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ፖስታ ቤቱ አጠገብ ሲደርስ ከትከሻው አውርዶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ «ለመሆኑ ይህን ሁሉ ሎሚ ለማን ነው የምወስደው?» ይል ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውም እንደዚሁ ነው። በ1948 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር በቆመው የድንጋይ አንበሳ ፊት በየቀኑ ሳልፍ፣ ከድሮቹ መካከል «ቆይ፣ ይህ አንበሳ ምን አደረገን?» ያለ አንድ እንኳ እንደነበረ አስባለሁ። ሳይኖር አይቀርም፤ ሲጠየቅ ግን «እኔም እሱኑ» ብሎ ይሆናል።

ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ ሰለሞን አሽ የሚባለውን የሥነ ልቦና ተመራማሪ ልጥቀስ። አሽ ተወልዶ ባደገባት ፖላንድ፣ በአይሁድ ፋሲካ ምሽት ለነቢዩ ኤልያስ አንድ ጽዋ ወይን ተቀድቶ ሲቀመጥ አጎቱ «ልብ ብለህ ተመልከት፣ ሲቀንስ ታያለህ» ቢለው፣ ሕፃኑ አሽ ወይኑ ሲቀንስ በዓይኑ ያየ መሰለው። ከዓመታት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ አንድ መስመር አሳያቸውና ከሌሎች ሦስት መስመሮች የትኛው በርዝመት እንደሚተካከለው ጠየቃቸው። ጥያቄው ሕፃን የማይስተው ነው፤ ብቻቸውን ሲጠየቁ የሚሳሳቱት ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም ነበር። ነገር ግን በክፍሉ ካሉት መካከል ከአንዱ በቀር ሌሎቹ አስቀድመው የተመከሩ ነበሩ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን መስመር ሲጠሩ፣ ያ ምስኪን ከመልሶቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ከእነርሱ ጋር ተሳሳተ። ከተፈተኑት ሰዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ከድተዋል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፦ ለዚህ ሁሉ ብዙ ሕዝብ አያስፈልግም፤ ሦስት ሰው ይበቃል። ማክሰኞ ከእኔ በፊት ያዘዙት አራት ነበሩ፤ በአንድ ሰው ትርፍ ተሸንፌአለሁ ማለት ነው። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ ሲናገር ግን የተፈታኙ ስሕተት ወደ ቀድሞው ሩብ ያህል ወርዷል። ያ አንድ ሰው በእኛ ጠረጴዛ ወንበር አልነበረውም።

መቼም ስለ አንድ ሰው ካነሣሁ አይቀር፣ ስድስት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ቂም መናገር አለብኝ። አንድ ባልደረባችን ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር የመሸኛ መዋጮ ወረቀት ተዘጋጀ። የመዋጮ ወረቀት ጠባይ የታወቀ ነው፦ በግራ ስም፣ በመካከል የብር መጠን፣ በቀኝ ፊርማ፤ ወረቀቱን የያዘችው ልጅም ከጠረጴዛህ አጠገብ እስክርቢቶ ዘርግታ ትቆማለች። እኔ ሦስት መቶ ብር ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ሰው በወፍራም ሰማያዊ ቀለም «1,000» ብሎ ጽፎ፣ ከሥሩም መስመር አስምሮበት ኖሯል። ከእርሱ በታች ያሉት ዘጠኝ ሰዎች ሁሉ አንድ ሺህ፣ አንድ ሺህ፣ አንድ ሺህ! እነዚያ ዜሮዎች እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ተሰልፈው ሲያዩኝ እጄ ያለ እኔ ፈቃድ ጻፈ። ያን ወር ከቤት በቋጠርኩት ምሳ ነው የዘለቅሁት። የሚያንገበግበኝ ግን ይህ አይደለም። ገንዘቡ ሲሰበሰብ ያ ባለ ወፍራም ቀለም «ደመወዝ ሲወጣ እሰጣለሁ» እንዳለና እስከ ዛሬ እንዳልሰጠ ልጅቷ ራሷ ነግራኛለች። ዘጠኝ ሰዎችና እኔ ያልተከፈለ ገንዘብ ተከትለን ከፈልን! ይህ ሰው ዛሬም በየስብሰባው ስለ መተባበር ይናገራል፤ ሎሚውንም ይጠቅሳል።

ወደ ጥብሱ ልመለስ። ከምሳ ስንመለስ አንበሳው አጠገብ ስንደርስ «እኔ እንኳ ሽሮ አምሮኝ ነበር» የሚል ቃል አመለጠኝ። ሦስተኛዋ ባልደረባችን ክው ብላ «እኔም እኮ!» አለች። በአገጩ ያዘዘውም ጥብስ ጥርሱን እንደሚያመው ተናዘዘ። አለቃችንም በቅሬታ «ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም? እኔ ጥብስ ያልኩት እናንተ ሽሮ የሰለቻችሁ መስሎኝ ነው» አሉ። ጄሪ ሃርቪ የተባለ አሜሪካዊ የአስተዳደር መምህር እ.ኤ.አ. በ1974 የጻፈው የቤተሰቡ ታሪክ ትዝ አለኝ፦ ቴክሳስ ውስጥ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና፣ አቢሊን እስከምትባል ከተማ ደርሶ መልስ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ መጥፎ ምግብ በልተው፣ አቧራ ለብሰው ቤት ሲገቡ፣ ከአራቱ አንዳቸውም መሄድ እንዳልፈለጉ ታወቀ። ሐሳቡን ያመጡት የሚስቱ አባት እንኳ ሌሎቹ የደበራቸው መስሏቸው ነበር። እኛ ከአቢሊን የምንሻለው መኪና ባለመያዛችን ብቻ ነው። እንግዲህ ያ እንደ ተራራ የፈራሁት «ሁሉም ሰው» ሲቆጠር፣ በውስጡ አንድም ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ጾም በመሆኑ ሁላችንም ሽሮ በላን፤ ይህ ግን ከራስ ምርጫ አይቆጠርም። ሐሙስ ዕለት ቀድሜ ገብቼ፣ አስተናጋጇ በምትመጣበት በኩል ያለውን ወንበር ይዤ፣ ገና «ምን ልታ...» ስትል «ተጋቢኖ ሽሮ!» አልኩ፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ መሰለኝ፣ ከጎናችን ያሉት ስድስት ሰዎች ዘወር አሉ። በፊታቸው ስድስት የሸክላ ድስት ይንተከተካል።

«ሽሮ አልቋል» አለች።

«አይ! እኔም እሱኑ ልል ነበር» አሉ አለቃችን። «እንግዲህ ጥብስ ይሻለናል፣ አይደል?»

«ለአምስት?» አለች አስተናጋጇ፣ ቀና ብላ ሳታየን እየጻፈች።