የሻይ ቶና

ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ጎንደር ከፋሲል ግቢ ብዙም በማይርቅ የጎረቤታችን ቤት አምስት ሰዎች ተቀምጠን፣ አንድ ጊዜ በተቀዳ የሻይ ቅጠል ላይ ሁለተኛ ውሃ መጨመር ይገባል ወይስ አይገባም በሚል እስኪመሽ ድረስ ተከራከርን። ነገሩን ያስነሣው ቻይና ተምሮ የተመለሰ ወጣት መምህር ነው። ይዞት የመጣውን፣ ከአረንጓዴውና ከጥቁሩ ሻይ መካከል የሚመደበውን ኦሎንግ የተባለ ሙሉ ቅጠል ሻይ አዘጋጅቶ ከቀዳልን በኋላ፣ ቅጠሉን ሳይደፋ እንደገና የፈላ ውሃ ሲያፈስበት የቤቱ እመቤት ደነገጡ።

«አንተ ልጅ፣ በእኔ ቤት ለእንግዳ ቅራሪ ልታቀርብ ነው?» አሉት።

«እትዬ፣ በአቦሉ አተላ ላይ ውሃ ጨምረው ቶናውን የሚቀዱልን እርስዎ አይደሉም? በረካውን ሳንጠጣስ መቼ ለቀውን ያውቃሉ? ሻዩ ከቡናው በምን ያንሳል?»

«ቡናማ ስም አለው። ሦስተኛውን የሚጠጣ ሰው በረካ መሆኑን አውቆ ነው የሚጠጣው። ሻይ ግን ቶና የለውም፤ ሻይ ብዬ ካቀረብሁ ሻይ ነው።»

በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ በልቤ የቀረው ይህ መልስ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዕድሜያቸውን በንግድ ያሳለፉት አዛውንት ከእመቤቲቱ ጋር ቆሙ። በወጣትነታቸው ቁርስ የሚበሉበት ሻይ ቤት ማታ የተጠለለውን ቅጠል ጠዋት ደግሞ ያፈላው እንደነበር፣ ቀለሙ ሲሳሳ የተቃጠለ ስኳር እንደሚጨምርበት፣ ጣዕሙም እንዳይታወቅ ቀረፋና ቅርንፉዱን እንደሚያበዛው ነገሩን። «ዋጋው ግን የአዲስ ሻይ ዋጋ ነበር» አሉ፤ ከስንት ዓመት በኋላ እንኳ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታው ይሰማል።

መምህሩ አልተቆጣም። «ጋሼ፣ እሱ ቅጠልና ይኼ ቅጠል አንድ አይደሉም» አለና ከማንቆርቆሪያው አንዱን ቅጠል በማንኪያ አውጥቶ በነጭ የስኒ ማስቀመጫ ላይ ዘረጋው። ሲገባ እንደ አተር ተጠቅልሎ የነበረው ፍሬ ሁለት ቅጠልና አንድ ቀንበጥ ሆኖ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ተሰንጥቆ፣ መሐሉ ግን ገና ሳይፈታ ታየ። ከጎኑ ከእመቤቲቱ ጣሳ የተወሰደውን የሻይ ቅጠል አጥልሎ አስቀመጠ፤ እሱ ደግሞ እንደ ርጥብ አሸዋ የተከመረ ደቃቅ ቅንጣት ነበር። እንዲህ ያለው ሻይ ጥርስ ባላቸው ሲሊንደሮች መካከል እየተፈጨ፣ እየተቀደደና እየተጠቀለለ ይዘጋጃል፤ ዘዴው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በህንድ አሳም ነው። ቅጠሉ የደቀቀ ስለሆነ ውሃው በሁሉም አቅጣጫ ያገኘዋል፤ ቀለሙንም ጣዕሙንም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አራግፎ ይሰጣል። የተጠቀለለው ሙሉ ቅጠል ግን ቀስ እያለ ስለሚፈታ፣ መጀመሪያ ውሃ ያልነካውን ክፍል ለሚቀጥለው ያቆያል።

ሁለቱንም ሁለተኛ ውሃ አድርገን ቀመስናቸው። ከጣሳው የመጣው ቀለም ብቻ ነበረው፤ እመቤቲቱ እሳት ላይ መልሰው ሲያንተከትኩት ደግሞ መረረ። የመምህሩ ሁለተኛ ግን ለእኔ አፍ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር፤ ሽታው የአበባ ነው፤ ምላስ ላይም አይከብድም። አዛውንቱ ምንም ሳይናገሩ ብርጭቆአቸውን መልሰው ዘረጉ።

ጡረታ የወጡት ነርስ ሌላ ጉዳይ ነበራቸው፦ ሻይ ማታ እንቅልፍ ይነሣቸዋል። መምህሩ ቻይና ሳለ የሰማውን ሊያካፍላቸው ብሎ፣ ቅጠሉን 30 ሴኮንድ አጥቦ ውሃውን መድፋት ካፌይኑን ያስወግዳል አላቸው። እሳቸው ግን በትዕግሥት አረሙት። ካፌይን ከቅጠሉ የሚወጣው በደቂቃዎች እንጂ በቅጽበት ስላልሆነ፣ በ30 ሴኮንድ የሚሄደው ትንሹ ክፍል ብቻ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ከቆየ ግን ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው በመጀመሪያው ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ለማታ ሁለተኛውን የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን በደንብ አቆይቶ ለሌላ ሰው ይስጥ አሉ። ያደረ እርጥብ ቅጠል ደግሞ ተህዋስያን የሚራቡበት ስለሆነ ይደፋ፤ ድጋሚው በዚያው ሰዓት ውስጥ ይሁን። በዚህ ማንም አልተቃወማቸውም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ስለ ቅጠሉ መምህሩ ልክ ነው፤ በአንድ ውሃ የተቀዳን ሙሉ ቅጠል መድፋት ልፋትም ገንዘብም መድፋት ነው። ስለ እንግዳው ግን ልክ የሆኑት እመቤቲቱ ናቸው። አዛውንቱን ለዓመታት ያስቀየማቸው ሁለተኛው ውሃ ራሱ ሳይሆን እንደ መጀመሪያው ተቆጥሮ መሸጡ ነው። ቡና ይህ ችግር የለበትም፤ ቶና ስሙ ስለተነገረ ማንንም አያታልልም። ስለዚህ ሁለተኛውን ሻይ የሚቀዳ ሰው ሁለተኛ መሆኑን ይናገር፤ ከጣሳው ደቃቅ ሻይ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ይቅዳ።

መምህሩ ስድስት ጊዜ ይደጋገማል ያለውን ግን ለእኛ ቤት አልቀበለውም። እሱ የለመደው 5 ግራም ቅጠል በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ የሚዘፈዘፍባትን ትንሽ ማንቆርቆሪያ ነው፤ የእኛዋ ከሦስት እጥፍ በላይ ትይዛለች፤ ቅጠሉ ግን ያው ነበር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ እሱም ይህን አስቦ 20 ሴኮንድ የሚለውን 40 አድርጎታል፤ በየዙሩም ጊዜውን አስረዝሟል። ሦስተኛው ጥሩ ነበር። አራተኛውን ነርሷ ወደዱት። አምስተኛውን እኔ ቀምሼዋለሁ፤ ሙቅ ውሃ ነበር።