ማስተካከያ፦ የፍቺ ውሳኔ ብቻውን 401ኬን አያካፍልም

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ የሚፋቱ ባልና ሚስት 401ኬን (በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) የመሰለ የጡረታ ገንዘባቸውን እንዴት እንደሚካፈሉ ስጽፍ፣ «ዳኛው የፍቺውን ውሳኔ ከፈረሙ የ401ኬ ድርሻዎን ይወስዳሉ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ።

ውሳኔው «ግማሹ የእሷ ነው» ቢልም፣ ገንዘቡን የያዘው ፕላን በዚያ ብቻ አይከፍልም። ኳድሮ የሚባል፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚወጣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል። የሁለቱም ስምና አድራሻ፣ የፕላኑ ስም፣ የሚከፈለው ገንዘብ ወይም ፐርሰንት ቁልጭ ብሎ ይጻፍበታል። ፕላኑም አይቶ መቀበል አለበት። ፍቺው ሲያልቅ ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎት ይህችን ወረቀት የሚረሳ ሰው አለ። በመሃል የቀድሞ ባል ገንዘቡን ቢያወጣ ወይም ቢሞትስ? ያኔ ጣጣው ብዙ ነው።

ያምታታኝ አይአርኤ (ሰው በራሱ ስም የሚከፍተው የጡረታ ቁጠባ) ነው። እሱ ኳድሮ አይፈልግም፤ በፍቺው ውሳኔ መሠረት በቀጥታ ወደ ሌላኛው ሰው አይአርኤ ይዛወራል።

አንድ የዘለልኩትም አለ። ዕድሜዎ ከ59 ዓመት ተኩል በታች ሆኖ በኳድሮ ከ401ኬው በቀጥታ ጥሬ ገንዘብ ቢወስዱ፣ የጡረታ ገንዘብን ያለ ዕድሜው ለሚያወጣ ሰው የተጣለው የ10 ፐርሰንት ቅጣት አይነካዎትም። የገቢ ግብሩ አይቀርም። መጀመሪያ ወደ አይአርኤ አስገብተው ከዚያ ቢያወጡት ግን ቅጣቱም ይመጣል።