አካውንቲንግ እዚህና እዚያ፦ ከዲግሪው በኋላ ያለው መንገድ

ሀገር ቤት አካውንቲንግ የማያስተምር ዩኒቨርሲቲ ወይም የግል ኮሌጅ ማግኘት ይከብዳል። በቀን አለ፣ በማታ አለ፣ ቅዳሜና እሁድም አለ። ወላጅ ይወደዋል፤ ባንክ ያስገባል ተብሎ ይታመናል። እዚህ እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያና በዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ፣ ይህንኑ ዲግሪ ይዘው መጥተው ፓርኪንግ የሚሠሩ ወይም ኡበር የሚነዱ ብዙ ወገኖቼን አውቃለሁ። ሥራቸው የተከበረ ነው፤ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። የሚቆጨኝ፣ ዲግሪው እዚህ አይሠራም ብለው ሻንጣ ውስጥ እንደቆለፉት መቅረታቸው ነው።

ትምህርቱ ራሱ ያን ያህል አይራራቅም። ደቢትና ክሬዲት፣ ኮስት፣ ኦዲቲንግ፣ ታክስ እዚያም እዚህም አለ። ሀገር ቤት የምንማርበት መጽሐፍ እንኳ አብዛኛው አሜሪካ የታተመ ነው። እንዲያውም የሀገር ቤቱ ተማሪ ሌጀሩን (የሒሳብ መዝገቡን) በእጁ እየሠራ ስለሚያድግ መሠረቱ ጠንካራ ነው። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከዲግሪው በኋላ ነው።

እስኪ የሀገር ቤቱን ልጅ እንየው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። ያንን አለፈ እንበል። ቀጥሎ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳና ቴሌግራም ነው። "ዜሮ ዓመት" (የሥራ ልምድ አይጠየቅም) የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ውጤቱ ይታያል፣ ዋስ ይጠየቃል። ሌላው ማስታወቂያ ሁለት ዓመት ልምድና ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር መቻል ይላል። ልጁ ግን ኢንተርንሺፕ በወጣበት ጊዜ አብዛኛውን ቀን ፋይል ሲያስተካክል ነው የዋለው። የአንድ ነጋዴ የቫት ማሳወቂያ ቅጽ በእጁ ሞልቶ አያውቅም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው፣ ከጁኒየር አካውንታንት በላይ ምን እንዳለና እዚያ እንዴት እንደሚደረስ በአራት ዓመት ውስጥ ተቀምጦ ያስረዳው ሰው አለመኖሩ ነው። ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የአካውንታንት ፈቃድ ሰምቶ ይሆናል። 13 ፈተና እንዳለው፣ ዲግሪው ከጥቂቶቹ ነፃ ሊያደርገው እንደሚችልና አዲስ አበባ ተቀምጦ መፈተን እንደሚቻል ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከተመረቀ በኋላ ነው።

እዚህ ተማሪው መሰላሉን የሚያየው ገና ሲጀምር ነው። ዲግሪው 120 ክሬዲት (የኮርስ ሰዓት መለኪያ) ነው። ሲፒኤ፣ ማለትም ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ፣ ለመሆን ለረጅም ጊዜ 150 ክሬዲት፣ የአንድ ዓመት ሥራና አራት ፈተና ይጠየቅ ነበር። ሦስቱ ፈተናዎች ለሁሉም አንድ ናቸው፤ አራተኛውን እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ተፈታኙ ከሦስት ዘርፎች ይመርጣል። ማለፊያው 75 ነው። ወደ ሙያው የሚገባው ሰው እየቀነሰ ስለመጣ፣ እንደ ኦሃዮና ቨርጂኒያ ያሉ ስቴቶች በ120 ክሬዲትና በሁለት ዓመት ሥራ ፈቃድ የሚገኝበትን አማራጭ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ከፍተዋል። ትልልቆቹ የኦዲት ድርጅቶች ደግሞ ተማሪውን ከመመረቁ በፊት በክረምት ኢንተርን አድርገው ይወስዱታል፤ ሥራውን ከወደዱለት ዲግሪውን ሳይቀበል ለቋሚ ሥራ ይቀጥሩታል። ሁሉም ይህን ዕድል አያገኝም። መንገዱ ግን በግልጽ የተጻፈ ስለሆነ ያላገኘውም የት እንደቆመ ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ2025 የታክስ ወቅት አንድ የሐበሻ ታክስ ቢሮ ተቀምጬ ተራ ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጠና ያሉ ኡበር ነጂ ስልካቸውን ይዘው ገቡ። ድርጅቱ የላከላቸው ፎርም ላይ 60 ሺህ ዶላር ግድም ተጽፏል። "ይሄን ያህል ገንዘብ እኔ እጅ አልገባም፤ ከየት አምጥቼ ነው የምከፍለው?" አሉ። ወጣቷ አካውንታንት ረጋ ብላ "ጋሼ፣ ማይሉን መዝግበው ይዘውታል?" አለቻቸው። ይዘውታል፤ ትንሽ ደብተር ላይ በየቀኑ ጽፈውታል። እ.ኤ.አ. ለ2024 ለሥራ ለተነዳ ለአንድ ማይል 67 ሳንቲም ከገቢ ላይ ይቀነስ ነበር። 30 ሺህ ማይል ከነዱ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ከገቢው ላይ ወረደ ማለት ነው። ድርጅቱ የቆረጠውን ኮሚሽንም ለይታ አወጣችው። ሰውዬው ወንበሩ ላይ ደገፍ ብለው ሲተነፍሱ አየሁ።

ልጅቷ የተማረችው ሀገር ቤት፣ ክፍለ ሀገር ባለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሲፒኤ አይደለችም። የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን፣ ዲግሪ እንኳ የማይጠይቀውን የኢንሮልድ ኤጀንት (በታክስ ጉዳይ ሰው ወክሎ ለመቅረብ የሚያስችል ፈቃድ) ፈተና ሦስቱንም ክፍል አልፋ ነው ፈቃዱን ያገኘችው። "ዴፕሪሲየሽን፣ የዕቃ እርጅና ቅናሽ፣ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት አስልቻለሁ" አለችኝ፤ "መኪናው የራሱ የሆነ ሰው ግን ፊቴ ተቀምጦ አያውቅም ነበር።"

ይህን የተግባር ክፍተት እዚህ የሚሞሉበት አንዱ መንገድ በጣም ይማርከኛል። ቪታ ይባላል። የታክስ መሥሪያ ቤቱ በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥኖ አቅም ለሌለው ሰው በነፃ ታክስ ያሠራል። ከሚሳተፉት ውስጥ ብዙ የአካውንቲንግ ተማሪዎች አሉ። ፈተና ያልፋሉ፣ ልምድ ባለው ሰው ሥር ይሠራሉ፣ ከእውነተኛ ሰው እውነተኛ ወረቀት ይቀበላሉ። ሀገር ቤትስ? የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ሒሳቡን ዘግቶ ማሳወቅ አለበት። ያን ሰሞን ስንቱ ነጋዴ ሒሳብ የሚሠራለት ሰው ፍለጋ ይንከራተታል። በዚያው ሰሞን ስንቱ የአካውንቲንግ ተማሪ ክረምቱን ቤቱ ቁጭ ብሎ ያሳልፋል። ዩኒቨርሲቲዎችና ገቢዎች ቢሮዎች ተነጋግረው እነዚህን ሁለት ወገኖች ቢያገናኙ፣ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከዚህ የተሻለ ኢንተርንሺፕ ከየት ይመጣል?

ጉዳዩ ሊዘገይ አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 847 የኢትዮጵያ ድርጅቶች ወደ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ ወደ አይኤፍአርኤስ፣ እንዲገቡ ተደንግጓል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአክሲዮን ገበያው አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። አክሲዮን በአደባባይ ሲሸጥ ሪፖርቱን የሚያዘጋጅና የሚመረምር ብቁ ሰው ያስፈልጋል። ኤሲሲኤ ግን በፓውንድ ይከፈላል፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተዳከመ ወዲህ ለአንድ ጀማሪ ሠራተኛ የማይቀመስ ሆኗል። ባንኮች ለሠራተኛቸው የፈተናውን ክፍያ ቢሸፍኑ ያዋጣቸዋል።

እዚህ ላላችሁት ደግሞ፣ ዲግሪያችሁን የውጭ ትምህርት ለሚመዝን ድርጅት ሰጥታችሁ አስገምግሙ። ቀድሞ ይሰጥ የነበረውን የሦስት ዓመት ዲግሪ አንዳንድ ገምጋሚዎች እንደ ሙሉ ባችለር አይቆጥሩትም፤ የጎደለውን ግን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ በማታ መሙላት ይቻላል። ዜግነት ያለው ሰው ለፌዴራል አካውንታንትነት ሲወዳደር ከዲግሪው ጋር የሚጠየቀው 24 የአካውንቲንግ ክሬዲት ነው፤ ብዙዎቻችሁ ከዚያ በላይ ተምራችኋል። ገና ሀገር ቤት ሆናችሁ ለመውጣት የምታስቡ ከሆነ፣ ኮስት ሼሪንጋችሁን ከፍላችሁ ጨርሱና ኦሪጅናል ዲግሪያችሁን በእጃችሁ ያዙ። የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫም ከዲፓርትመንቱ ማኅተም አስመትታችሁ ውሰዱ። ገምጋሚው ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ከዚህ ሆኖ ማስላክ ብዙ ያንገላታል።