የተናቀ አልበም ጠበቃ

ሙዚቃ ወዳዶች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ የተናቀ አልበም ጠበቃ አይጠፋም። ማንም ክስ ሳይመሠርት ተነሥቶ ይሟገታል፤ ሌሎች ስለ ሥራና ስለ ልጆች ሲያወጉ እርሱ «ሰው አልገባውም እንጂ» ብሎ የሚገባበትን ቀዳዳ ያደባል። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነኝ። ደንበኛዬ ብላክ ሳባዝ የተባለው አንጋፋ የእንግሊዝ ሄቪ ሜታል ባንድ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው «ቦርን አጌን» ነው።

የደንበኛዬ ችግር የሚጀምረው ከፊቱ ነው። ሽፋኑ ላይ ቀንድ፣ ክራንቻና ጥፍር ያበቀለ ቀይ ጨቅላ አፉን ከፍቶ ይጮኻል። ድምፃዊው ኢያን ጊላን ራሱ ሥዕሉን ሲያይ አስመለሰው ይባላል። እንግዶቼም አልበሙን ከመደርደሪያው መዘው ካዩት በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ይመልሱታል፤ አንዳንዶቹም ከዚያ ወዲያ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ።

ጊላን ከተቀናቃኙ ዲፕ ፐርፕል ባንድ የታወቀ ሰው ነው። ብላክ ሳባዝ ድምፃዊውን ኦዚ ኦስቦርንን በ1979 አሰናብቶ፣ ተተኪው ሮኒ ጄምስ ዲዮም በ1982 ትቶት ከሄደ በኋላ፣ ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚና ቤዚስቱ ጊዘር በትለር ጊላንን መጠጥ ቤት አገኙት። አብረው አመሹ፤ ሲነጋ ግን ጊላን የባንዱ ድምፃዊ ለመሆን ቃል መግባቱን የሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነበር። መጠጥ ላይ ተገብቶ በማግስቱ ያልተካደ ቃል ብርቅ ነው፤ ይህኛው ጭራሽ ዘጠኝ ሙዚቃዎች ወለደ።

ቀረጻው የተካሄደው በኦክስፎርድሺየር ገጠር፣ «ዘ ማነር» በተባለ ስቱዲዮ ነው። ጊላን የተንጣለለውን ቤት ትቶ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተከለ። አንድ ሌሊት ጠጥቶ የድራመሩን የቢል ዋርድን መኪና ሲያሽከረክር ገለበጠውና ከዚያ «ትራሽድ» የተባለው የመክፈቻ ዘፈን ተወለደ። ጩኸታቸው በአቅራቢያው ያለውን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለረበሸ ደግሞ አንዱን ዘፈን «ካህኑን መረበሽ» አሉት። በዚህ ዓይን ካየነው አልበሙ ግማሽ በግማሽ የጎረቤት አቤቱታ መዝገብ ነው።

ከዚያ ድንጋዮቹ መጡ። በትለር በእንግሊዝ አገር ክብ ሠርተው የቆሙትን የስቶንሄንጅ ጥንታዊ ድንጋዮች አስመስለው ለመድረክ እንዲሠሩለት ሲያዝ በጫማ የታሰበው ልኬት በሜትር ተጻፈ፤ የደረሰው ዕቃም ከታሰበው ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ አብዛኛው መድረክ ላይ ሳይወጣ ቀረ። መጋረጃ አሰፍቶ ልኩን የሳተ ሰው በዚህ መሳቅ የለበትም። ጊላንም በበኩሉ ግጥሞቹን በቃሉ መያዝ ስላቃተው ወረቀቱን እግሩ ሥር አስቀምጦ እያነበበ ሊዘፍን አስቦ ነበር፤ ባንዱ ለማስፈራራት የሚለቀው ጭስ ግን ወረቀቱን ዋጠበት።

ባለፈው ይህንኑ ለአንድ ወዳጄ ስተርክ እዚህ ላይ አቋረጠኝና «ሙዚቃውስ?» አለኝ። ደነገጥሁ። ሰው አልበሙን ትቶ ስለ ሽፋኑና ስለ ድንጋዩ ብቻ ያወራል እያልሁ ስከስስ የኖርሁት እኔ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የተናገርሁት ስለ ሽፋኑና ስለ ድንጋዩ ነበር።

ስለዚህ «ዚሮ ዘ ሂሮ»ን ከፈትሁለት። የአዮሚ ጊታር አንድ ከባድ ሐረግ ይዞ ከሰባት ደቂቃ በላይ፣ እንደ ወፍጮ ሳይቸኩል ይፈጫል። ከዚያ የካህኑን ዘፈን አስከተልሁ፤ ጊላን ከሹክሹክታ ተነሥቶ ጩኸቱን ወደ ላይ ሲወስደው አድማጭ የጎረቤቱን ጉዳይ አስቦ ድምፅ ይቀንሳል። ቅጂው ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ያህል ድፍን መሆኑን አልክድም፤ አዮሚም በድምፅ ቅልቅሉ አልተደሰተም። እኔ ግን የሚያስፈራው ድፍንነቱ ነው ባይ ነኝ፤ ጥርት ብሎ ቢሰማ ግማሽ ጨለማው ይገፈፋል። አልበሙ በወጣ ጊዜ በእንግሊዝ የሽያጭ ሠንጠረዥ አራተኛ መሆኑን ግን ለወዳጄ አልነገርሁትም፤ ጠበቃ ደንበኛውን የሚጎዳ ማስረጃ አያቀርብም።

ወዳጄ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና «እንዴት ግሩም ነው! እስከ ዛሬ እንዴት ሳልሰማው ቀረሁ?» አለ። ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴን ቁርጠት ቢጤ ያዘኝና «ድምፁ ትንሽ ድፍን ነው እኮ፤ ደግሞም ሽፋኑ…» ማለት ጀመርሁ። እርሱ ግን ቀዩን ጨቅላ እንደ ገዛ ልጁ ብብቱ ሥር ሸጉጦ «ሳምንት እመልሳለሁ» አለኝ። ከእጁ ቀስ ብዬ ተቀበልሁና በምትኩ የዚያኑ ባንድ የ1970 አልበም «ፓራኖይድ»ን ሰጠሁት፤ እርሱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል።